ጉብታው እያነሰ ኑሮዋ የከበደባት ታካሚ፦ ስለ ካንሰር የያዝነው እምነትና የሕይወት ጥራት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በካንሰር ክፍል የሕክምናን ውጤት የምንለካው በእጅ በሚዳሰስ፣ በአልትራሳውንድ በሚታይና በደም ምርመራ በሚነበብ ነገር ነው። እዚህ የቀረበችው ታካሚ በእነዚህ ሁሉ መለኪያዎች ጥሩ እየሄደች ነበር። ሦስተኛውን ዙር ኬሞቴራፒ ለመውሰድ በመጣችበት ቀን ግን "ከዛሬ ወዲያ አልመጣም፤ የቀረኝን ቀን ልጆቼ ሳይጎዱብኝ ልጨርስ" አለች።

እኔ በክፍሉ ነርስ ነኝ። ባልደረቦቼም እኔም መጀመሪያ የጠረጠርነው ማቅለሽለሹን ነው። ቀስ ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው ግን ስለ በሽታዋ የያዘቻቸውን እምነቶች ነበር። ከእነሱ መካከል በኑሮዋ ላይ ከሁሉ የከበደው ከመንደሯ ይዛው የመጣችው አልነበረም፤ የተወለደው እዚያው ሆስፒታል ውስጥ፣ ከእውነተኛ ምክር ነው። ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኼ ነው። ታካሚዋንና ቤተሰቧን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮች ቀርተዋል።

ታካሚዋና ቤቷ

በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በአንድ ደጋ ወረዳ የምትኖር የልጆች እናት ናት። ባለቤቷ ገበሬ ነው። ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ ትልቋ ልጇ ግን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነች፤ በሕክምናው ጊዜ አብራት የምትመላለሰውም እሷ ነበረች። አዲስ አበባ ሲመጡ የሚያርፉት ወንድሟ ቤት ነው። ገንዘቡንም፣ ቀጠሮውንም፣ ስልኩንም የያዘው ወንድሟ ነው።

ጉብታውን ያገኘችው ስትታጠብ ነው። ስለማያማት ብዙም አልተጨነቀችም። ጎረቤት "ምች ነው" አለቻትና ዳማከሴ ታሸላት። ቆየት ብሎ ጠበል ገባች። የጡቷ ቆዳ ሲጨማደድና በብብቷ ሥር ሌላ እብጠት ሲወጣ ወንድሟ ይዟት መጣ። ናሙና ተወስዶ የጡት ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ደረጃው ሦስት ሲሆን ወደ ሳንባና ወደ ጉበት አልተሰራጨም፤ ዕጢው ለሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ ማለትም በሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ነው። ሐኪሞቹ ያወጡት ዕቅድ መጀመሪያ በኬሞ ማሳነስ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ጨረር፣ በመጨረሻም ሆርሞኑ ዕጢውን እንዳያሳድግ የሚከለክል፣ ለዓመታት የሚወሰድ የታሞክሲፌን ክኒን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ሁኔታ አንድ ነገር ማስገባት ያስፈልጋል። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው፤ አብዛኞቹም እንደዚህች ታካሚ ዘግይተው ይመጣሉ። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ጅማና ሐረር የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። ስለዚህ አንድ የገጠር ሰው በዕድሜው ያየው የካንሰር ታማሚ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ተቀዶ፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ የተቀበረ ነው። "ካንሰር ቢላ ሲነካው ይሰራጫል" የሚለው አባባል ከድንቁርና የመጣ አይደለም። ሰው በዓይኑ ያየውን ቅደም ተከተል ይዞ የደረሰበት መደምደሚያ ነው፤ የተሳሳተው ምክንያቱን ማያያዙ ላይ ነው።

ችግሩ እንዴት ተገለጠ

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ የተባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ናቸው፤ በየ21 ቀኑ ይሰጣሉ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጉብታው ወደ ግማሽ ገደማ አንሷል፤ የብብቷም እብጠት ለስልሷል። በካርዷ ላይ የተጻፈው "ጥሩ ምላሽ" ነው።

ልጇ የነገረችን ሌላ ታሪክ ነው። እናቷ ከመሶቡ መቅረብ ካቆመች ሰንብታለች። በተለየ ሳህን፣ በተለየ ኩባያ፣ ጥግ ይዛ ነው የምትበላው። ትንሹን ልጇን አታቅፍም፤ ሲመጣባት በእጇ ትመልሰዋለች። እንጀራ መጋገር ትታለች። "አቅም አጥታ ነው?" ስንላት ልጅቷ "ኧረ አቅምስ አላት፣ እንጨት ትሸከማለች። ሊጡን መንካት ነው የማትፈልገው" አለችን። ቡና ስትጠራ አትሄድም፤ የማርያም ማኅበሯ ተራ ሲደርስ ለሌላ ሰው አሳልፋ ሰጥታለች። ሌሊት አትተኛም።

ለማቅለሽለሽ የታዘዘላትን ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታሶን ደግሞ አብዛኛውን አልዋጠችውም፤ ክኒኖቹ በፌስታል ተቋጥረው ተገኙ።

እምነቷን የጠየቅንበት መንገድ

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሃዋርድ ሌቨንታልና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሐሳብ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። ሰው ሲታመም ስለ ሕመሙ የራሱን ሥዕል ይሠራል፦ ምን እንደሆነና ምልክቱ የቱ እንደሆነ፣ ከምን እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ምን እንደሚያስከትል፣ በምን እንደሚገታ። የሚያደርገውንና የማያደርገውን የሚወስነው በዚህ ሥዕል እንጂ በሐኪሙ ካርድ ላይ በተጻፈው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ብሮድቤንትና ባልደረቦቿ ይህን ወደ አጭር መጠይቅ አወረዱት፤ ስምንት ጥያቄዎች ከ0 እስከ 10 ይመዘናሉ፣ ዘጠነኛው ታካሚው መንስኤ የሚላቸውን ሦስት ነገሮች በራሱ አፍ እንዲናገር ይተዋል።

ቁጥሩ ለታካሚዋ አልገባትም። ስለዚህ አሥር ፍሬ ባቄላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥንና "ምንም ከሆነ ባዶ፣ በጣም ከሆነ ሁሉንም" አልናት። "ሕክምናው ምን ያህል ይረዳኛል ትያለሽ?" ሲባል አንድ ፍሬ ገፋ አደረገች። "በሽታው ምን ያህል ያስፈራሻል?" ሲባል አሥሩንም በመዳፏ ጠርጋ ወሰደች። ባቄላው ነጥብ ከመስጠት ይልቅ ወሬ በመክፈት ነው የጠቀመን። "ለምን አንድ?" ብለን ስንጠይቅ ሁሉንም ዘረገፈችው።

ከሁሉ በፊት የወጣው የልጆቿ ነገር ነው። በሽታው ይተላለፋል ብላ ታምናለች። ማን ነገረሽ ስንላት "እናንተ" አለች።

ነገሩን ወደ ኋላ ስንከተለው እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ለወንድሟ ሁለት ምክሮች ተሰጥተው ነበር። አንደኛው፣ መድኃኒቱ በሽንትና በትውከት ስለሚወጣ ለ48 ሰዓት ያህል ያን የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ፣ የቆሸሸው ልብስም ለብቻው ይታጠብ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በሁለተኛው ሳምንት ነጭ የደም ሴሎቿ ስለሚቀንሱ ከሰው ግርግርና ከጉንፋን ትራቅ ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንደኛው ቤተሰቡን ከመድኃኒቱ ይጠብቃል፤ ሌላው እሷን ከሰው ጀርም ይጠብቃል። ወንድሟ ይህን ኮሪደር ላይ ቆሞ ሰማ፤ ለባሏ በስልክ ሲያስተላልፍ "ዕቃዋን ለዩ፣ ከሰው ጋር አትቀላቅሏት" ሆነ። ባልየው ለእሷ ሲነግራት ምክንያት አልነበረውም፤ ምክንያቱን እሷው ሞላችው። መንደሩም ሳህኗ መለየቱን ሲያይ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። የ48 ሰዓቱ ጥንቃቄ የሁልጊዜ ሆነ፤ እሷን ለመጠበቅ የተባለውም ሌላው ከእሷ እንዲጠበቅ ተብሎ ተተረጎመ።

ሁለተኛው ነገር የሽንቷ ቀለም ነው። ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው፤ ከተሰጠ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሽንትን ያቀላል። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ አይጎዳም። እሷ ግን ደም የሸናች መስሏት በሽታው ውስጧ ፈነዳ ብላ ደመደመች። ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ የደረሰባትን ሁሉ፣ የፀጉሯን መርገፍ፣ የአፏን መቁሰል፣ ድካሟን፣ የበሽታው መክፋት ምልክት አድርጋ ቆጠረችው። የማቅለሽለሽ ክኒኑን የተወችውም "በኬሞው ላይ ሌላ መድኃኒት ሲደረብ ጉበት ይጨርሳል" ስለተባለች ነው፤ ይህን የሰማችው መጠበቂያው ወንበር ላይ ነው። (ስለ ካንሰር ከእኛ ይልቅ ያ ወንበር ብዙ ያስተምራል።)

መንስኤውን ስትጠየቅ ዝም አለች። ቆይታ ለቅድስት አርሴማ ተስላ እንደነበር፣ የተሳለችው ጥላ ለቤተ ክርስቲያኑ ሳይገባ ዓመታት እንዳለፉ፣ ይህ የእሱ ቅጣት እንደሆነ ተናገረች። ገንዘቡ ተጠራቅሞ ነበር፤ ለበሬ መግዣ ዋለ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልነካንም። ዙሩን በአንድ ሳምንት አሸጋገርነው፤ ሐኪሟም ተስማማ።

ቀድመን የያዝነው መተላለፉን ነው፤ ኑሮዋን በየቀኑ የሚያፈርሰው እሱ ነበርና። ለእሷ ብቻ ነግረን ብንልካት ዋጋ እንደሌለው ግልጽ ነበር። ሳህኗን የለየው ባሏ ስለሆነ ባሏ መምጣት ነበረበት። መጣ። ካንሰር ከሰውየው ከራሱ ሴል የሚነሣ እንጂ በማዕድ፣ በትንፋሽ፣ በመተቃቀፍ የሚሻገር እንዳልሆነ ወንድሟም፣ ልጇም፣ እሱም ባሉበት ተነገረ። የጓንቱ ምክር ለምን እንደተሰጠና መቼ እንደሚያበቃ ተለየ፦ ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ሁለት ቀን፣ ለትውከትና ለሽንት ብቻ። ከግርግር የመራቁም ምክንያት ተነገረ፦ "እሷ ናት የምትፈራው፣ ጉንፋን ያለበት ሰው አይቅረባት፤ ጤነኛ ልጅ ግን ይታቀፍ"። ከዚያ አንዲት ባልደረባችን ምሳዋን አምጥታ ከታካሚዋ ጋር በአንድ ሳህን በላች። በመጨረሻ አንድ ጉርሻ ተቀበለቻት። ባልየው ይህን ዝም ብሎ ሲያይ ቆየ። ከተናገርነው ሁሉ ያ ጉርሻ ሳይበልጥ አይቀርም።

የምልክቶቹን ነገር በጊዜ ሰሌዳ አስረዳን፤ በየትኛው ቀን ምን እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ። ሽንት በመጀመሪያው ቀን ይቀላል፣ ከዚያ ይጠራል። ፀጉር ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይረግፋል፣ ሕክምናው ሲያበቃ ይመለሳል። ትኩሳት ግን አይጠበቅም፤ ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለባት። ልጅቷ በደብተሯ ላይ በራሷ ቃል ጻፈችው። ጉብታው ማነሱንም ታካሚዋ በራሷ ጣት እንድትለካው አደረግን። "እውነትም ሎሚ ያክል ነበር" አለች፤ ኬሞው ከተጀመረ ወዲህ እስከዚያ ቀን ከፍርሃት የተነሣ ነክታው አታውቅም ነበር።

ጠበሉንና ጾሙን በተመለከተ ከእሷ ጋር ክርክር አልገጠምንም። ሥጋቱ ግን እውነተኛ ነው፦ የደም ሴሎች ባነሱበት ሳምንት በንጋት ብርድ መጠመቅና ያልፈላ ውኃ አብዝቶ መጠጣት፣ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ለእሷ አደገኛ ነው። ይህን ከእኛ ብትሰማው እምነቷን እንደ መንካት ታየው ነበር። የነፍስ አባቷን በስልክ አገኘናቸው። ቄሱ ከጠበቅነው በላይ ተባበሩን። ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚፈታ ነገሯት፤ ጠበሉንም ከኬሞው በፊት ባሉት ቀናት መረጨትና ጥቂት መቅመስ ይበቃሻል አሏት። ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ጠቀሱላት፤ ሐኪምን የፈጠረ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን የሚናገረውን። ይህ አዲስ መንገድ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ያኔ እንጦጦ ላይ መድኃኒታቸውን የጣሉ ብዙዎች ነበሩ። ለካንሰርም ያው በር ክፍት ነው፤ የሚያንኳኳው ግን ጥቂት ነው።

ስለቱስ? እዚያ ላይ ሕክምና የሚለው ነገር የለውም። "ካንሰር ቅጣት አይደለም" ብንላት የእኛ ቃል ከቅድስት አርሴማ ጋር ሊመዘን ነው። የነፍስ አባቷ ግን ቅጣት አለመሆኑን፣ ስለቱ ግን ዕዳ ስለሆነ አቅም ሲገኝ እንደሚከፈል ነገሯት። ወንድሟ ጥላውን ገዛው።

ቀዶ ሕክምናው ሲቃረብ የቢላው ፍርሃት ተነሣ። ለዚህ ከዓመታት በፊት አንድ ጡቷ የተነሣላት፣ ዛሬ ሱቅ ይዛ የምትሠራ ሴት ፈቃደኛ ሆና መጣች። ሁለቱ ለብቻቸው ተቀመጡ፤ የተባባሉትን አልሰማንም። ታካሚዋ ስትወጣ የጠየቀችን ስለ ሞት አልነበረም፤ በቀሚሷ ውስጥ ስለምታደርገው የጨርቅ ጡት ነበር።

ያልሠራው

የታተመው በራሪ ወረቀት አልሠራም። ልጅቷ ብታነብላትም ቃላቱ ለባለሙያ የተጻፉ ናቸው። የጠዋቱ የጋራ ትምህርትም አልጠቀመም፤ በመጠበቂያው ክፍል ሰው ፊት ቀይ ሽንት ስለመሽናቷ የምትናገር ሴት የለችም። "አይዞሽ" ማለትም እንዲሁ። ቃሉ ከልብ ሲሆን ደግ ነው፤ ገና ጥያቄዋን ሳትጨርስ ሲባል ግን በሩን ይዘጋል።

የስልክ ክትትሉ ለብዙ ጊዜ ዋጋ አልነበረውም፤ ስልኩ የወንድሟ ነውና። ወንድሟ ደግሞ ከመጀመሪያው "ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሯት፣ ትሞትብኛለች" ብሎን ነበር። መርዶን ቀስ በቀስ በዘመድ አፍ ማድረስ ባህላችን ነው፤ ሰውየው የሠራው እንደ ደንቡ ነው። እሷ ግን የሕክምና ክፍሉን ስም ከበሩ ላይ ልጇ ስታነብ ሰምታ አውቃ ነበር፤ ወንድሟ እንዳይሰበር ብላ እንዳላወቀ ሆነች። ሁለቱም አንዱ ለሌላው ሲል ዝም ብለው ስለነበር ጥያቄ የሚጠየቅበት ቦታ ጠፋ። ይህን የፈታው "ስለ በሽታሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ለማንስ እንንገርልሽ?" የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው በመጀመሪያው ቀጠሮ የሚጠየቅ ነበር።

ደግሞም ሁሉ ነገር በእምነት የሚመጣ አይደለም። ፓክሊታክሴል የተባለውን ሌላ የኬሞ መድኃኒት ከወሰደች በኋላ የጣቶቿ መደንዘዝ ስለተረዳችው አልቀነሰም። ማቅለሽለሹም የቀነሰው ክኒኑን በሰዓቱ ስትውጥ ነው፤ የተቀየረው እምነት ያደረገው ክኒኑን ከፌስታሉ ማውጣት ነው። የታካሚን ስቃይ "ከአመለካከቱ ነው" ብሎ ማለፍ ሌላ ጉዳት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ኬሞውን ጨረሰች፣ ቀዶ ሕክምናውንም አደረገች። እንቅልፏ በከፊል ተመልሷል። ከመሶቡ ተመልሳለች። ማኅበሩን በቤቷ ደገሰች፤ ጎረቤቶቿ ግን ሁሉም አልመጡም፤ የመጡትም ጠላዋን ያልቀመሱ አሉበት። የእሷ እምነት ቢቀየርም የመንደሩ እንዳለ ነው፤ እዚያ ድረስ ደግሞ እጃችን አልደረሰም። የወረዳው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን እንድትይዘው ብንጠይቅም ብዙ አልተራመደም። "ፈተና ነው" ማለቷንም አልተወችም፤ እኛም እንድትተው አልሞከርንም። ቅጣት ሲባል ያጎብጣት የነበረው፣ ፈተና ሲባል የምትቆምበት ሆነላት።

ለሌላ ታካሚ የሚጠቅመው

በካንሰር ታማሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሕመማቸውን እጅግ አስከፊና ከቁጥጥር ውጭ አድርገው የሚያዩ ሰዎች የሕይወት ጥራታቸው ዝቅ ያለ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። አብዛኞቹ ጥናቶች በአንድ ጊዜ የተለኩ ስለሆኑ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይለዩም፤ የባሰበት ሰው የባሰ ቢያስብ አይገርምም። የዚህች ታካሚ ጉዳይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ በሽታው እየቀነሰ ኑሮዋ እየከበደ ስለሄደ ክብደቱን በበሽታው ብቻ ማሳበብ አይቻልም።

በሥራችን የለወጥነው የምክር አሰጣጣችንን ነው። የትኛውም ጥንቃቄ ከሦስት ነገር ጋር ይነገራል፦ ማንን ከምን ይጠብቃል፣ መቼ ያበቃል፣ ምን ማለት አይደለም። "ጓንት አድርጉ" ብቻ አይባልም። ምክሩን ቤት የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ያ ሰው የሰማውን መልሶ እንዲነግረን ይደረጋል። ጊዜ ይወስዳል? ይወስዳል፤ ግን የተቋረጠ ኬሞ ከዚያ ይበልጥ ይወስዳል።

የትኛውን እምነት ማን እንደሚነካው መለየትም ያስፈልጋል። የመተላለፉ ለጤና ባለሙያ ነው፤ ነገር ግን ቤተሰብ ባለበት። የቢላው ፍርሃት ተቀዶ ለቆየ ሰው ነው። የስለቱ ለነፍስ አባት ነው፤ ታካሚዋ ሙስሊም ብትሆን ለምትሰማው ሼክ። ጉዳት የማያመጣውን እምነት ደግሞ እንዳለ መተው ነው።

የሕይወት ጥራት መጠይቆችን በተመለከተ፣ በዓለም በብዛት የሚሠራበት ባለ 30 ጥያቄው የአውሮፓ መጠይቅ ሕመሙ በቤተሰብ ኑሮና በማኅበራዊ እንቅስቃሴ ላይ ምን ያህል ጣልቃ እንደገባ ይጠይቃል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ታካሚዋ ግን "ምንም" ብላ መለሰችለት፤ ዘመዶቿ ይጠይቋታል፣ ባሏም አልተዋትም። "ከማን ጋር ነው የምትበዪው?" ስንላት ነው ያለቀሰችው። አሁን ይህን ለሁሉም እንጠይቃለን፤ ልጅ ያላቸውንም መቼ እንዳቀፉት እንጠይቃለን።

ታሞክሲፌን ከጀመረች ወዲህ አዲስ ጥያቄ መጥቷል። በቀን 20 ሚሊግራም፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ትወስዳለች። ባሏ በቅርቡ "ድናለች ካላችሁ በየቀኑ የምትውጠው ለምንድን ነው? አልወጣም ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀን። ክኒኑ የሚሰጠው በሽታው እንዳይመለስ እንደሆነ ነገርነው፤ እሱም መልሶ በራሱ አነጋገር ነገረን። ጥያቄው ከሌሎቹም ታካሚዎች ሳይጠየቅ እንዳያልፍ አሁን ታሞክሲፌን በሚታደስበት ቀጠሮ ሁሉ ክኒኑ ለምን እንደሚወሰድ ታካሚው እንዲነግረን እናደርጋለን፤ መልሱም በካርዱ ላይ ይጻፋል።